የአራት ሚሊሜትር ወሰን፦ የጠረጴዛ ቴኒስ ስፖንጅ ታሪክና የጨርጨር ደጋ ተጫዋች

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሀብሮ ወረዳ ዋና ከተማ በገለምሶ የሚያስተምር አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ለትምህርት ቤቱ የጠረጴዛ ቴኒስ ጎማ እንዲገዛ ጥቂት ገንዘብ ተፈቀደለት እንበል። ዕቃውን በአካባቢው ካላገኘ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አደራ ይሰጣል። አደራ ተቀባዩም ሱቅ ደርሶ ዕቃውን ሲያይ መልሶ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ «ስንት ቁጥር ልያዝ?» ይላል። በጎማው ማሸጊያ ላይ 1.5፣ 1.8፣ 2.0 ወይም «ማክስ» የሚል ምልክት ይገኛልና። ይህ ቁጥር ከጎማው ሥር የተለጠፈውን የስፖንጅ ውፍረት በሚሊሜትር የሚገልጽ ሲሆን፣ በአንዱ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም።

መምህሩ «ትልቁን አምጣልኝ» ሊል ይችላል። ዋጋው ተመሳሳይ ከሆነ ወፍራሙን መምረጥ የሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ጋቢም ቢሆን ድርቡ ይመረጣል። በራኬት ላይ ግን ይህ ምርጫ ከአንድ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ተጫዋች እንደሚወጣ፣ ይልቁንም ምን ዓይነት ተጫዋች እንደማይወጣ የሚወስን ነው። ነገሩን ለመረዳት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ስለ ምንስ ወሰን እንደተበጀለት መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ከእራት በኋላ ለመዝናኛ የተጀመረ ነው። በመጀመሪያ ራኬቱ ባዶ እንጨት ወይም በብራና የተወጠረ ክብ ነበር። ባለ ጉጥ ጎማ በእንጨቱ ላይ የተለጠፈው በ1902 እንደሆነ በሰፊው የሚነገር ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው ጉድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው ይባላል። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም ሳይታሰብ የተገጠመ ይመስላል። እንደሚተረከው ሰውዬው መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ በባንኮው ላይ ለሳንቲም መቀበያ የተነጠፈውን ጉጣም ጎማ አይቶ፣ ገዝቶ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ቆርጦም በራኬቱ ላይ ለጠፈው። ትረካው እውነትም ይሁን ጌጥ የታከለበት፣ ጉጣሙ ጎማ ኳሷን ለአጭር ጊዜ ያዝ አድርጎ የማሽከርከር ችሎታ እንዳለው የታወቀው በዚያ ዘመን ነው። ዓመቱ የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰበትም ነበር።

ዓለም አቀፍ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን በ1926 ሲቋቋምና የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ዓመት በለንደን ሲካሄድ፣ የተጫዋቾቹ መሣሪያ ይኸው ስፖንጅ የሌለው ባለ ጉጥ ጎማ ነበር። የዚህ ራኬት ጠባይ ግልጽ ነው። ኳሷ ጎማውን ስትነካ ወዲያው እንጨቱን ታገኛለች፤ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የምቱም ኃይል ከክንድ እንጂ ከራኬቱ አይመጣም። ከዚህም የተነሣ መከላከል ከማጥቃት ይቀል ነበር። ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ቆሞ ኳሷን ከላይ ወደ ታች እየቆረጠ፣ የኋላ እሽክርክሪት እየሰጠ የሚመልስ ተጫዋች አጥቂውን እስኪሰለች ድረስ ሊያቆየው ይችል ነበር።

የዚህ ጠባይ ጫፍ በ1936 በፕራግ ታየ። የፖላንዱ አሎይዚ ኤርሊክና የሩማንያው ፋርካሽ ፓነት በተገናኙበት ጨዋታ አንዲት ነጥብ፣ ያውም የመጀመሪያዋ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀች። በሚቀጥለው ዓመት በባደን፣ ኦስትሪያ፣ የሴቶች የነጠላ ፍጻሜ በተወሰነው ሰዓት ባለማለቁ ዋንጫው ያለ ባለቤት ቀረ። የአሜሪካዋ ሩት አሮንስና የኦስትሪያዋ ትሩደ ፕሪትሲ የጋራ ሻምፒዮን ተብለው የተመዘገቡት ከ64 ዓመታት በኋላ በ2001 ነው። ፌዴሬሽኑ መረቡን ዝቅ አድርጎ ዛሬ ወደሚገኝበት 15.25 ሴንቲሜትር አወረደ፤ ለጨዋታውም የጊዜ ገደብ አበጀ። ተመልካች የሸሸው ጨዋታ ጥቂት ነፍስ ዘራ። ያም ሆኖ የራኬቱ ነገር እንደነበረ ቆየ፤ ራኬት ከምን መሠራት እንዳለበትና ምን ያህል መወፈር እንደሚችል የሚናገር ደንብ አልነበረም። የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው በዚህ ዝምታ በኩል ነው።

በ1952 የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በእስያ ምድር፣ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው በቦምቤይ ተካሄደ። ጃፓን በዓለም ሻምፒዮና ስትወዳደር ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ከጃፓን ቡድን አባላት አንዱ መነጽር የሚያደርግ፣ አካሉ ቀጠን ያለ፣ ሂሮጂ ሳቶ የተባለ ወጣት ነበር። በእጁ የያዘው ራኬት ጉጣም ጎማ አልነበረውም፤ በእንጨቱ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ይህም ራኬት ድምፅ አልነበረውም።

የዛሬ አንባቢ የድምፅ አለመኖር ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ በቀላሉ ላይገምት ይችላል። በዚያ ዘመን የነበሩ ታላላቅ ተጫዋቾች የተቃራኒያቸውን ምት በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን በጆሯቸውም ያነቡ ነበር፤ ጠንካራ ምት ጠንካራ ድምፅ፣ ስስ ቁርጥ ስስ ድምፅ አለውና። ሳቶ ሲመታ ግን ዝምታ ብቻ ነበር። ኳሷ ስፖንጁ ውስጥ ትሰምጣለች፤ ስፖንጁ ይጨመቃል፤ ተመልሶ ሲለጠጥም ኳሷ ከተጠበቀው በላይ በሚበልጥ ፍጥነት ትወጣለች። ለድሉ ከተጠበቁት መካከል አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ማርቲ ራይስማን በዚያ ውድድር በሳቶ ተሸንፎ ወጣ። ሳቶም በፍጻሜው የሀንጋሪውን ዮዜፍ ኮቺያንን ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጃፓን በዚያው ውድድር የሴቶችን የቡድን፣ የሴቶችን ጥንድና የወንዶችን ጥንድ ድሎች ጨምራ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ሳቶ ዳግመኛ የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ መሣሪያው እንግዳ በመሆኑ ያገኘው ብልጫ መሣሪያው ሲለመድ ቀርቷል። የስፖንጅ እውነተኛ ጌታ የሆኑት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ኢቺሮ ኦጊሙራ በ1954ና በ1956፣ ቶሺያኪ ታናካ በ1955ና በ1957 የነጠላ ሻምፒዮን ሆኑ፤ የጃፓን የወንዶች ቡድንም ከ1954 ጀምሮ እስከ 1959 ድረስ የተካሄዱትን አምስት ሻምፒዮናዎች በተከታታይ አሸነፈ። እነዚህ ሰዎች ስፖንጁን በፈጣን እግርና በከባድ የሰውነት ልምምድ አጅበው የተጠቀሙበት ናቸው፤ ድላቸውን ሁሉ ለራኬቱ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በአውሮፓ ግን ቁጣው ከፍ ያለ ነበር። አንዳንድ ብሔራዊ ማኅበራት በየአገራቸው ስፖንጅን ከለከሉ። የከልካዮቹ ክርክር ባዶ አልነበረም። ጨዋታ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ነገር ነው፤ ምት ይሰነዘራል፣ ይመለሳል፣ ይመላለሳል። በወፍራም ስፖንጅ ግን ንግግሩ በሦስተኛው ቃል ላይ ይቋረጣል፤ ለዓመታት መከላከልን የተማረ ሰው ሙያው በአንድ ክረምት ከንቱ ይሆናል የሚል ነበር። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀችውን የፕራግ ነጥብ እያስታወሱ፣ ወደዚያ የሚመልስ ደንብ ጨዋታውን ይገድለዋል አሉ። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ነበራቸው። ያለ ወሰን የሚወፍር ስፖንጅም ሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ስፖንጅ ከሁለቱ የጨዋታ ሥልቶች አንዱን ያጠፋ ነበር።

ፌዴሬሽኑ በ1959 የደረሰበት ውሳኔ መካከለኛ ነው። ከላዩ ጎማ የሌለው ባዶ ስፖንጅ ታገደ። ስፖንጅ የሌለው ጉጣም ጎማ ከነማጣበቂያው ከ2 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በጎማና በስፖንጅ የተደረበው ደግሞ፣ ጉጡ ወደ ውስጥም ይሁን ወደ ውጭ፣ ጎማው፣ ስፖንጁና ማስቲሹ አንድ ላይ ተለክተው ከ4 ሚሊሜትር እንዳይበልጡ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ኳሷ ተለውጣለች፣ የነጥቡ አቆጣጠር ተለውጧል፣ የጎማው ቀለም እንኳ ተለውጧል፤ ይህች የ4 ሚሊሜትር ወሰን ግን እስከ ዛሬ ጸንታ ትገኛለች። በስፖርት ደንቦች ታሪክ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘ የመካከለኛ መንገድ ውሳኔ ብዙ አይገኝም።

በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ምስጢርም የሚፈታው በዚህ ነው። የላይኛው ጎማ ከነጉጡ ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው፤ ከ4 ላይ ሲቀነስ ለስፖንጁ የሚተርፈው ከ2 ሚሊሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ነው። «ማክስ» ማለት እንግዲህ ደንቡ እስከሚፈቅደው ጠርዝ የተሞላ ማለት ነው እንጂ «ከሁሉ የሚሻል» ማለት አይደለም። ነጋዴ ግን ሁለቱን ትርጉሞች መለየት ግዴታው አይደለም።

ውፍረቱ በኳሷ ላይ የሚሠራውን ሥራ በጥቂቱ ማብራራት ይገባል። ኳስና ራኬት የሚነካኩት ለአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ነው። ምቱ ለስላሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአጭር ቅብብል ጊዜ፣ ኳሷ ወደ ስፖንጁ ጠልቃ ስለማትገባ ቀጭኑም ወፍራሙም ተቀራራቢ ጠባይ ያሳያሉ። ምቱ ሲከብድ ግን ልዩነቱ ይገለጣል። በቀጭን ስፖንጅ ላይ ኳሷ ቶሎ ታች ደርሳ እንጨቱን ታገኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ጎማው የሚጨምረው ኃይል የለም፤ ተጫዋቹም የእንጨቱን ንክኪ በመዳፉ ይሰማዋል። በወፍራሙ ላይ ግን ኳሷ ጠልቃ ትያዛለች፤ ስፖንጁ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሳባል፤ ሲመለስ ፍጥነትና እሽክርክሪት ጨምሮ ይወረውራታል። በሌላ በኩል ወፍራሙ የተቃራኒውንም እሽክርክሪት በዚያው መጠን ይቀበላል። የራኬቱ ማዕዘን በጥቂቱ ከተሳሳተ ኳሷ ወደ መረብ ወይም ወደ ሜዳ ትሄዳለች። ወፍራም ስፖንጅ ለሚያውቅበት አበዳሪ ነው፤ ለማያውቅበት ደግሞ ባለ ዕዳ ያደርገዋል።

ከ1959 በኋላ የተከተሉት ዓመታት በዚህ ወሰን ውስጥ ሁለቱ ሥልቶች እንዴት እንደተገዳደሩ ያሳያሉ፤ ለሙያው ሰው ከሁሉ የሚጠቅመውም ምዕራፍ ይህ ነው። በዚያው በ1959 በዶርትሙንድ ሮንግ ጉዎቱዋን የሀንጋሪውን ፈረንስ ሺዶን አሸንፎ በማናቸውም ስፖርት የመጀመሪያው የቻይና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጃፓኖች ደግሞ ጉጡን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ለስላሳውን ፊት ወደ ውጭ አድርገው፣ ኳሷን ከታች ወደ ላይ በመፈተግ ከፍተኛ የፊት እሽክርክሪት የሚሰጥ አዲስ ምት ፈጠሩ። ቻይናውያን ለ1961ዱ የፔኪንግ ሻምፒዮና ሲዘጋጁ ከቡድናቸው አንዳንዶቹ የራሳቸውን አጨዋወት ትተው ይህን ምት አጠኑ፤ ዓላማቸው ለማሸነፍ ሳይሆን ለጓደኞቻቸው መለማመጃ ለመሆን ነበር። በዚያ ሻምፒዮና፣ በ1963ና በ1965ም ጁዋንግ ዜዶንግ የነጠላውን ድል ተጎናጸፈ፤ ሦስቱንም ጊዜ በፍጻሜ የተሸነፈው የአገሩ ልጅ ሊ ፉሮንግ ነበር።

የጁዋንግ ስም ሲነሣ አብሮ መነሣት የሚገባው ሌላ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘነጋል። ጃንግ ሺየሊን ተከላካይ ነበር። በራኬቱ ላይ የነበረው ጎማ ጉጡ ረጅም ሲሆን፣ ኳሷ ስትነካው ጉጡ ይጎብጥና የአጥቂውን እሽክርክሪት ለራሱ ለአጥቂው ይመልስበታል። የጃፓን አጥቂዎች በፈተጉ መጠን የሚመለስላቸው ኳስ ይብስ ይቆረጥ ነበር። በ1963 በፕራግ ቻይና ጃፓንን በቡድን ፍጻሜ ስትረታ ከድሉ ባለቤቶች አንዱ ይህ ሰው ነው። በ1965 በልዩብልያና ደግሞ የቻይና ሴቶች ቡድን ለፍጻሜው ያሰለፋቸው ሁለቱ ተከላካዮች ሊን ሁዊቺንግና ጄንግ ሚንጂ ነበሩ፤ ጃፓንንም አሸነፉ። እነዚሁ ሁለት ሴቶች በ1971 በናጎያ የነጠላውን ፍጻሜ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ሊን አሸናፊ ሆነች። ስፖንጅ ተከላካይን ገደለ የሚለው አነጋገር በዚያን ጊዜ ቢመረመር ኖሮ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ነበር።

አውሮፓም የራሷ ተከላካይ ነበራት። የምዕራብ ጀርመኑ ኤበርሃርድ ሼለር በ1969 በሙኒክ የነጠላ ፍጻሜ ከጃፓኑ ሺጌዎ ኢቶ ጋር ተገናኝቶ ሁለት ዙር ከመራ በኋላ ሦስቱን ተከታታይ ዙሮች አጥቶ ተሸነፈ። በዚያ ፍጻሜ በወገኖቹ ፊት የቀረው ድል የአውሮፓ ተከላካዮች ትውልድ ወደ ነጠላው ዘውድ የቀረበበት የመጨረሻው ርቀት ሊባል ይችላል።

የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ነገር በአጭሩ ይነገር። ቲቦር ክላምፓርን የመሳሰሉ የሀንጋሪ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት ስፖንጁን ተናኝ ባለው ማስቲሽ መቀባት ጀመሩ፤ ማስቲሹ ስፖንጁን ያሳብጠዋል፣ ይወጥረዋልም። በቁጥር ያልተጨመረው ውፍረት በኬሚካል ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ልማድ ዓለምን አዳርሶ፣ ጭሱ ለጤና ጎጂ በመሆኑ በ2008 ታገደ። በሌላ በኩል በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው፣ ጠባያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ጎማዎች የለጠፉ ተጫዋቾች ራኬቱን በእጃቸው እያገላበጡ ተቃራኒያቸውን ማደናገር በማብዛታቸው፣ ሁለቱ ፊቶች በቀለም እንዲለዩ ከ1983 በኋላ ተደነገገ፤ ከ1986 ጀምሮም ቀይና ጥቁር እንዲሆኑ ተወሰነ። ከ2021 ወዲህ በቀዩ ፈንታ ሌሎች ደማቅ ቀለሞችም ይፈቀዳሉ፤ ጥቁሩ ግን ግዴታ ነው። ይህ ደንብ ፍትሐዊ መሆኑ አይካድም፤ ቢሆንም ከሁሉ የበለጠ የጎዳው ተከላካዩን ነበር። ኳሷ በ2000 ከ38 ወደ 40 ሚሊሜትር አደገች፤ ይህ እሽክርክሪቷን ቀነሰ። በ2003 በፓሪስ የደቡብ ኮሪያው ተከላካይ ጁ ሴ-ህዩክ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በኦስትሪያዊው በቨርነር ሽላገር ተሸነፈ። ጁ በአንድ ፊት ለማጥቃት የሚያመች ለስላሳ ጎማ፣ በሌላው ፊት ደግሞ ረጅም ጉጥ የነበረው፣ ከሩቅ እየቆረጠ ድንገት የሚያጠቃ ተጫዋች ነበር። የዘመኑን ተከላካይ መልክ የቀረጸው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ለየትኛውም አገር ተጫዋች ይሆናል። ለገለምሶው መምህር ግን የሚቀር ነገር አለ፤ እርሱም አየሩ ነው።

ከአዋሽ ቆላ ተነሥቶ በሚኤሶ በኩል ወደ ጭሮ፣ ማለትም ወደ ቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ የሚወጣ መንገደኛ የጨርጨርን ተራሮች ሲያያዝ አየሩ መቅለሉን ይሰማዋል። ጭሮና ገለምሶ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ሯጭን የሚመለከተውን የከፍታ ነገር የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ሁሉ ያውቁታል፤ በፒንግ ፖንግ ኳስ ላይ የሚያደርሰው ግን እምብዛም አይነገርም።

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የምትመዝነው 2.7 ግራም ብቻ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር ስትጓዝ በባሕር ወለል ላይ አየሩ የሚገታት ኃይል ከራሷ ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከእግር ኳስና ከመሳሰሉት ይልቅ ይህች ኳስ የአየር ተገዥ ናት። በተሽከረከረች ጊዜ አቅጣጫዋን የሚያጎብጠውም ይኸው አየር ነው፤ የፊት እሽክርክሪት ወደ ታች ይጫናታል፣ የኋላ እሽክርክሪት ወደ ላይ ይደግፋታል። አየሩ በአንድ አምስተኛ ሲሳሳ ሁለቱም ነገሮች፣ መግታቱም ማጎበጡም፣ በዚያው መጠን ይቀንሳሉ።

ከዚህ የሚከተለውን የጨርጨር ተጫዋች ሳያስተውል በየቀኑ ያየዋል። በባሕር ወለል ላይ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎብጣ የምትወርድ የአጥቂ ኳስ እዚህ ጥቂት ረዝማ ታመልጣለች። የተከላካዩ የተቆረጠ ኳስም በአየር ላይ ተንሳፍፋ እንደመቆየት ቶሎ ትወርዳለች። ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ የቆመው ተከላካይ የሚደርሰው ኳስ በመንገድ ላይ እምብዛም ያልደከመ፣ ፍጥነቱን ይዞ የመጣ ነው። ባጭሩ አየሩ ራሱ ኳሷን ያፈጥናታል። ወፍራም ስፖንጅ የሚሰጠውን ፍጥነት ከፍታው ከፊሉን በነጻ ሰጥቷል፤ ወፍራም ስፖንጅ የሚያጎድለውን ቁጥጥር ደግሞ ከፍታው ይበልጥ ያጎድለዋል። በጥቅምት 2024 የአፍሪካ ሻምፒዮና በአዲስ አበባ በተካሄደ ጊዜ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች የመጡ ተጫዋቾች ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ ላይ ያጋጠማቸው አየር ከገለምሶው ይልቅ የሳሳ ነበር።

እንግዲህ አምራቾች በየማሸጊያው የሚያሰፍሩት ምክር፣ ለአጥቂ ከ2.0 እስከ «ማክስ»፣ ለሁለገብ ተጫዋች 1.8፣ ለተከላካይ 1.5 ወይም ከዚያ በታች የሚለው፣ የተጻፈው በቆላና በጠረፍ ላሉ አዳራሾች ነው ብሎ መቁጠር ይሻላል። በጨርጨር ደጋ ላይ እያንዳንዱን ቁጥር አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ተገቢ ይመስላል። ለበሰለ አጥቂ 1.8 ወይም 2.0 ይበቃዋል። ገና ምት ለሚማር ልጅ፣ ወደፊት አጥቂም ይሁን ተከላካይ፣ 1.5 ከሁሉ ይበልጥ ያስተምረዋል፤ ኃይሉን ከክንዱና ከወገቡ እንዲያመጣ ያስገድደዋልና። ተከላካይ የመሆን ዝንባሌ ያለው ልጅ በአንድ ፊት ይህንኑ 1.5፣ በሌላው ፊት ረጅም ጉጥ ያለው፣ ስፖንጁ ከ0.5 እስከ 1.0 የሆነ ቢይዝ መልካም ነው። ስፖንጅ የሌለው ረጅም ጉጥ ግን ለጀማሪ አይመከርም፤ ከእንጨቱ በቀር የሚያቀዘቅዝለት ነገር ስለሌለ ልጁ ኳሷን ከመቁረጥ ይልቅ ማገድ ብቻ ይለምዳል።

ተከላካይ የመሆን ዝንባሌ ያለው ልጅ መለየት ከአሠልጣኝ ዓይን የሚጠበቅ ነው። ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ ነጥብ ለማግኘት አይቸኩልም፤ ኳሷ ሌላው ሰው ላይ እስክትበላሽ ይጠብቃል፤ ወደ ኋላ መሸሽ አያሳፍረውም። ለሁሉም «ማክስ» በተገዛበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ የመቁረጥ ሙከራው ሁሉ ከጠረጴዛው እየረዘመ ስለሚወጣበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወይ እንደ ሌሎቹ መምታት ይጀምራል፣ ወይ ጨዋታውን ይተዋል። መምህሩም «እዚህ አካባቢ ተከላካይ አይወጣም» ብሎ ይደመድማል። ምክንያቱ ግን ከልጁ ሳይሆን ከማሸጊያው ቁጥር ላይ ነበር።

ስለ ዕድሜውም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የለስላሳ ፊት ጎማ ጠላት አቧራ ነው፤ በጓሮ ጠረጴዛ ወይም በሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ በሚጫወቱበት ቦታ መያዣነቱን ቶሎ ያጣል። ከጨዋታ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ወፍራም ስፖንጅ ጠርዙ ከሲሚንቶው ጋር ሲጋጭ ቶሎ ይፈረፈራል፤ ቀጭኑ ይበልጥ ይቆያል። ጎማው ከራኬቱ ራስ ሰፋ ብሎ ስለሚሸጥ ዙሪያው በምላጭ ሲከረከም የሚተርፈው ቁራጭ አይጣል፤ ጠርዙ የተቦደሰ ራኬት በእርሱ ይጠገናል። በውድድር ግን የተጣፈ ጎማ አይፈቀድም። ዳኛው የጎማውን ጠፍጣፋነት ይመለከታል፤ በመለኪያውም የጎማውን፣ የስፖንጁንና የማስቲሹን ጠቅላላ ውፍረት ይለካል፤ ማስቲሽ ያበዛ ተጫዋች በስፖንጁ ቁጥር ባያጠፋም በማስቲሹ ከ4 ሚሊሜትሩ ወሰን ሊያልፍ ይችላል።